ሣር፣ ኮብልስቶን ወይስ አርቴፊሻል? የአዲስ አበባ ግቢ ምን ይልበስ

ቤቱ አለቀ፣ ቀለሙ ተቀባ፣ የቀረው ግቢው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ኪሱም ትዕግሥቱም አልቋል። ስልኩ ላይ ያየውን ፎቶ ለሠራተኛ ያሳይና «እንደዚህ አድርግልኝ» ይላል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ግቢዬ 60 ካሬ ናት። ሣሩንም ድንጋዩንም በገዛ ገንዘቤ ሞክሬያለሁ። አርቴፊሻሉን ያየሁት እህቴ ቤት ነው።

ከሣሩ ልጀምር። ሰርዶ ጠንካራ ነው፤ ቢረገጥም ቢደርቅም ዝናብ ሲያገኝ ይመለሳል። ለመጀመር ከሦስቱ ርካሹ እሱ ነው። ወጪው የሚመጣው ጥቅምት ላይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማይ ያጠጣላችኋል። ከዚያ በኋላ የበልግ ዝናብ ካላገዛችሁ በቀር እስከ ግንቦት ጎማ ይዛችሁ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። አንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ማፍሰስ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ እንደማግኘት ነው። ውኃው ሥር ድረስ እንዲገባ በካሬ 10 ሊትር ብትሉ፣ ለኔ ግቢ 600 ሊትር ይሆናል። 30 ጀሪካን ማለት ነው፤ ያውም በሳምንት አንዴ ብቻ ካጠጣችሁ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሺህ ሊትር ሮቶ ከግማሽ በላዩ ለሣር ሄደ ማለት ነው። ልብስ በምን ሊታጠብ ነው?

ሌላው ጣጣ አፈሩ ነው። ሣሩን ያመጣልኝ ሰው ከነአፈሩ በላስቲክ ጠቅልሎ ነበር ያመጣው። በጥር ተከለው። ያ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሣር የሚተከለው ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ነው። ሁለተኛው የወጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከሰርዶው መሃል እንግጫ ብቅ ብቅ አለ። እንግጫ ለእንቁጣጣሽ ያምራል፤ ሣር ውስጥ ከገባ ግን አለቀ። ቅጠሉን ብትነቅሉት ፍሬ የመሰለው ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀርና እንደገና ይበቅላል። ደውዬ ስጮህበት «ጋሼ፣ እሱም እኮ ሣር ነው» አለኝ። እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ጥቅል ገልብጡና አፈሩን በእጃችሁ ፈርክሱት።

ኮብልስቶን፣ በመንግሥት ቋንቋ ጌጠኛ ድንጋይ፣ መግቢያው ላይ ያስወጣል። በደንብ ከተነጠፈ ግን ሥራው መጥረግ ብቻ ነው። «በደንብ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ሁሉም ነገር ያለው። ድንጋዩን ሁሉም ሰው ያያል፣ ከሥሩ ያለውን የሚያይ የለም። መሬታችሁ ጥቁር መረሬ ከሆነ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ላዩ ላይ ያለውንም ይዞት ይነሣል ይወርዳል። መረሬው ተቆፍሮ መውጣት፣ ገረጋንቲ ገብቶ በውኃ እየራሰ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ድንጋይ። እኔ ጋ የመጣው ቡድን በር አካባቢ ቁፋሮውን አሳጠረ። በመጀመሪያው ክረምት የመኪናው ጎማ የሚያርፍበት ቦታ ሁለት ረጅም ገንዳ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ወፎች ይታጠቡበታል።

ክፍተቱን በሲሚንቶ እንሙላው ካሏችሁ እምቢ በሉ። በአሸዋ ከተሞላ ውኃው ቢያንስ በከፊል ይሰርጋል። በሲሚንቶ ከተደፈነ ግን አንድ የ30 ሚሊሜትር ዝናብ 60 ካሬ ላይ 1,800 ሊትር ነው፤ ተዳፋቱ ወደ ጎረቤት ካዘነበለ ጠቡን ከአሁኑ ጠብቁት። በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲም ያህል ወደ ቦዩ ዝቅ ይበል።

ድንጋይ ፎቶ ላይ የማይታይ ጥቅም አለው። በርበሬ የሚሰጣው እዚያ ነው። የበዓል በግ ከታረደ በኋላ በሁለት ባልዲ ውኃ ይጸዳል። ድንኳን ሲተከል ግን ችካል አይገባለትም። ጥግ ጥጉን አፈር ተዉለት።

አርቴፊሻል ሣር ላይ ብዙ አልቆይም። ፕላስቲክ ነው፤ ውኃ አይጠጣም፣ አይታጨድም። በረንዳና ሰገነት ላይ ያምራል፤ ውኃ የሚወርድበት ከሌለው ግን ከሥሩ ይሸታል። የአዲስ አበባ የእኩለ ቀን ፀሐይ ሲያርፍበት ልጆች በባዶ እግር አይረግጡትም። እህቴ ግቢዋን በሙሉ አለበሰችው። ቡና ስታፈላ ከማንደጃው አንዲት ፍም ወደቀች። የስኒ አፍ የምታክል ጥቁር ቀዳዳ ቀረች። አሁን ቀዳዳዋን የምትሸፍነው ቄጠማ ጎዝጉዛ ነው። ፕላስቲክ ሣር ላይ እውነተኛ ሣር!

ስለዚህ ውኃችሁ ፈረቃ ከሆነና መኪና ካላችሁ፣ ድንጋይ። የጉድጓድ ውኃ ካላችሁና ልጆቻችሁ ኳስ ከሚወዱ፣ ሣር። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ላይ ከሆናችሁ፣ አርቴፊሻል፤ ከሰሉን ግን አርቁት።

ዋጋ ስትጠይቁ «ካሬው ስንት?» ብቻ አትበሉ። ቁፋሮው፣ አፈር መጣያው፣ ገረጋንቲው፣ ማጓጓዣው ውስጡ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ የቁፋሮው ጥልቀትም በሳንቲም ይጻፍላችሁ። ሁለት ሰው የሰጣችሁ ዋጋ በጣም ከተራራቀ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከመሬት በታች ነው። ሙሉውንም አስቀድማችሁ አትክፈሉ። እኔ ጥቂቱን ለአንድ ክረምት ይዤ ብቆይ ኖሮ ያ ገንዳ በነፃ ይስተካከልልኝ ነበር።

አሁን 40 ካሬው ድንጋይ ነው፣ 15ቱ ሰርዶ። በቀረችው ዳር ዳሩን የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ተክያለሁ፤ ውኃ ብዙም አይፈልጉም፣ ለወጥ ቤትም ቅርብ ናቸው። ሰሞኑን ሰርዶው በድንጋዮቹ መሃል ሾልኮ መውጣት ጀምሯል። ዘበኛችን ሊነቅለው ይጎነበሳል፣ እኔ ተወው እለዋለሁ።