ጂራ ላይ ባክሎግ ማስተካከል፦ አዲስ አስተያየት ሲጎርፍ ምን ያህል ያግዛል?

የደንበኞች አስተያየት ባንዴ ሲጎርፍ ጂራ (የቡድን ሥራ መከታተያ ሶፍትዌር) የሚፈተነው ባክሎግ ገጹ፣ ማለትም ወደፊት የሚሠሩ ሥራዎች በተራ የሚደረደሩበት ዝርዝር ላይ ነው። ቲኬት (አንድ ሥራ ወይም ቅሬታ የሚመዘገብበት) ከቦታ ቦታ ማዛወር ላይ ጎበዝ ነው። የቱ መቅደም እንዳለበት መወሰንና ምክንያቱን መዝግቦ መያዝ ግን የቡድኑ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ማዛወሩ ቀላል ነው። ቲኬቱን ይዞ መጎተት፣ ብዙ ከሆኑ ሺፍት ተጭኖ መርጦ አንድ ላይ መጎተት፣ ባክሎጉ ከረዘመ ደግሞ ከሜኑው በቀጥታ ወደ ላይኛው ወይም ወደ ታችኛው ጫፍ መላክ ይቻላል። ከጀርባ ያለው አሠራርም ብልህ ነው፤ እያንዳንዱ ቲኬት ሌክሶራንክ የሚባል የፊደልና የቁጥር መለያ አለው። አንዱ ሲነሳ በአዲሶቹ ጎረቤቶቹ መካከል የሚያርፍ መለያ ይሰጠዋል እንጂ የሌሎቹ ሁሉ ተራ እንደገና አይጻፍም።

ብዙ ቡድን የሚደናገረው ፕራዮሪቲ (ቲኬቱ ላይ የሚመረጥ የአስፈላጊነት ደረጃ) እና ራንክ (ባክሎጉ ውስጥ ያለው ተራ) ላይ ነው። ፕራዮሪቲውን ሃይየስት (ከፍተኛው) ማድረግ ቲኬቱን ካለበት ንቅንቅ አያደርገውም፤ ተራውን የሚወስነው ራንክ ብቻ ነው። በካምፓኒ ማኔጅድ ፕሮጀክት (ቅንብሩን የጂራ አስተዳዳሪ በሚይዘው) የቦርዱ ፊልተር፣ ማለትም ሰሌዳው ላይ የትኞቹ ቲኬቶች እንደሚታዩ የሚወስነው ትእዛዝ፣ መጨረሻ ላይ «ኦርደር ባይ ራንክ» (በራንክ ደርድር) መኖር አለበት። «ኦርደር ባይ ፕራዮሪቲ» ከሆነ መጎተት አይሠራም፣ ሰውም ሲስተሙ የተበላሸ ይመስለዋል። ሌላው ጣጣ፣ አንድ ቲኬት ሁለት ቦርድ ላይ ቢታይም ራንኩ አንድ ነው። እዚህ ከፍ ሲል እዚያም ቅደም ተከተሉ ይቀየራል፤ ሁለት ቡድኖች ሳይነጋገሩ ከጎተቱ አንዱ የሌላውን ያፈርሳል።

ቲኬት በአማርኛ ለሚጽፍ ቡድን ትልቁ ድክመት ፍለጋው ነው። አዲስ አስተያየት ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ ተመሳሳይ ቲኬት መኖሩን ማጣራት ነው፤ ጂራ ግን «ሥራ» እና «ስራ»ን እንደ አንድ ቃል አያይም። «ክፍያ» ብሎ የፈለገ ሰው «በክፍያ» ወይም «የክፍያ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ ኮከብ ምልክትንም ከቃሉ ፊት አይቀበልም። ስለዚህ አንድ ቅሬታ በሦስት ቲኬት ተበታትኖ ሦስቱም ታች ይቀራሉ። መፍትሔው ሌብል (ቲኬት ላይ የሚለጠፍ መለያ ቃል) ነው፦ ክፍያ፣ ምዝገባ፣ ኤስኤምኤስ የመሳሰሉ ጥቂት ቃላት ላይ ተስማምቶ እያንዳንዱ ቲኬት ላይ መለጠፍ። ሌብል ውስጥ ክፍት ቦታ ስለማይፈቀድ አጭር ቃል ይመረጥ። የተደጋገሙትን «ዱፕሊኬትስ» (ድግግሞሽ ነው) በሚለው ሊንክ ከዋናው ጋር አያይዞ መዝጋት ነው፤ በቴሌግራም የመጣውም ቅሬታ ዋናው ቲኬት ሥር ኮመንት ሆኖ ይግባ።

የቱ እንደሚቀድም ለመለየት ለቲኬቶቹ ነጥብ ለመስጠት ራይስ የሚባለው ቀመር ይበቃል፤ የሚነካቸው ሰዎች ብዛት፣ ሲባዛ በተጽዕኖው፣ ሲባዛ በእርግጠኝነቱ፣ ሲካፈል ለሚወስደው ጉልበት። ለምሳሌ የማረጋገጫ ኮድ መዘግየት በሩብ ዓመት 2,000 ሰው ቢነካ፣ ተጽዕኖው 2፣ እርግጠኝነቱ 80 በመቶ፣ ሥራው ደግሞ የአንድ ሰው 2 ወር ቢሆን 1,600 ይመጣል። ጥቁር ገጽታ (ዳርክ ሞድ) መጨመር 3,000 ሰው ቢነካም በ0.5 ተጽዕኖ፣ በ50 በመቶ እርግጠኝነትና በ1 ወር 750 ነው። በሚነካቸው ሰዎች ብዛት ብቻ ቢታይ ጥቁሩ ገጽታ ይቀድም ነበር። ውጤቱን ቲኬቱ ላይ የቁጥር ፊልድ (መሙያ ቦታ) ከፍቶ መጻፍ ይቻላል፤ ፊልዱ ግን ራንኩን አይነካውም፣ መጎተቱ የሰው ሥራ ነው።

የቲኬቱ ሂስትሪ ራንኩ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን፣ ማንና መቼ እንዳደረገው ያሳያል። ለምን እንደሆነ ግን የለም። አንድ መስመር ኮመንት ካልተጻፈ በሚቀጥለው ስብሰባ ያው ክርክር ይነሳል።

የተጀመረ ስፕሪንት (ቡድኑ የተወሰኑ ቲኬቶችን የሚሠራበት አጭር ዙር) ውስጥ ቲኬት ሲጨመር ጂራ ያስጠነቅቃል፣ የቀረውን ሥራ በሚያሳየው በርንዳውን ቻርት ላይም ጭማሪው ይታያል። የሚገባው ቲኬት የሥራ ግምቱ 5 ነጥብ ከሆነ 5 ነጥብ ያህል ያልተጀመረ ሥራ ወደ ባክሎግ መመለስ አለበት።

ጂራ እስከ 10 ሰው ነጻ ነው፣ ለትንሽ ቡድን ይበቃል። ነጻው ፕላን ላይ ግን የፕሮጀክቱን ፈቃዶች መቀየር ስለማይቻል ተራውን ማንም ሊጎትት ይችላል። ራንክ የሚነካው ማን እንደሆነ በቃል መስማማት፣ ወይም ወደ ሚከፈልበት ፕላን አድጎ ተራ ለመቀየር የሚያስፈልገውን «ስኬጁል ኢሹስ» የሚባል ፈቃድ ለፕሮዳክት ማናጀሩ ብቻ መስጠት ያስፈልጋል።