ከደሴ ሐይቅ ደርሶ መልስ፦ ልጅ ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ልጅ ያለው ቤተሰብ በበዓል ማግስት «የት እንውጣ?» ሲባባል መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ሐይቅ፣ ማለትም ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ውሃ። ቅርብ ነው፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ውሃና ዓሣ አለ፣ ጠዋት ወጥቶ ሳይመሽ ቤት መግባት ይቻላል። ልጅ ካደገ በኋላም «ያኔ ጀልባ ላይ የወጣን ጊዜ» ብሎ የሚያነሳው ቀን ይሄ ነው።

የዚህ ቀን ክፍያ ግን ለአንድ ሰው አይደለም። መኪናው የአንዱ፣ ጀልባው የሌላው፣ ምግብ ቤቱ የሦስተኛው ነው፤ ፎቶውን የሚያትመው ደግሞ ደሴ ያለ ስቱዲዮ ነው። ስለዚህ ግምገማውም እያንዳንዱን ለየብቻ ማየት አለበት። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ፦ ቦታው ሙሉ ነጥብ ይገባዋል፤ የሚበላሸው የቀኑ ቅደም ተከተል ነው። በተለመደው አካሄድ አርፍዶ ይወጣል፣ እንደተደረሰ ምግብ ይታዘዛል፣ ምግቡ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ ከምግብ በኋላ ቡና ይፈላል። ልጁ ወደ ውሃው የሚወሰደው ነፋስ ከተነሳና ሾፌሩ ሰዓት ማየት ከጀመረ በኋላ ነው። በዚያው ገንዘብ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ፣ ማለትም መጀመሪያ ውሃ ከዚያ ምግብ ማድረግ፣ ቀኑን የልጁ ያደርገዋል።

ከመኪናው እንጀምር። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጨመራል፤ ጭማሪው ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት ጠመዝማዛ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ የሐይቁ ዳርቻ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። የደሴ ልጅ በአብዛኛው ቁልቁለት ይወርዳል። የኮምቦልቻው ግን መጀመሪያ ዳገቱን ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ ማታ ደግሞ ይህንኑ ይደግማል። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ሐረጎን ሲወጣ ስለሚንፏቀቅ፣ ከኋላው የተያዘ ሚኒባስ ያሰበውን ሰዓት አይደርስም። ከኮምቦልቻ የምትነሱ ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ፤ ደሴ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ቆማችሁ ልጆቹን መሬት አስረግጧቸው።

ልጅን መኪና ላይ የሚያስመልሰው ዓይኑና ጆሮው ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ዓይኑ የመኪናውን ውስጥ ብቻ ሲያይ፣ የውስጥ ጆሮው ግን መታጠፉንና መውረዱን ይሰማል። ስለዚህ ስልክ ሰጥቶ ዝም ማሰኘት በዚህ መንገድ ላይ ትልቁ ስህተት ነው። በየኩርባው የሚወዛወዘው የኋላው ወንበር ስለሆነ ልጁን ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ረድፍ፣ ወደ ፊት መንገዱን ማየት በሚችልበት አስቀምጡት። ቁርሱ ቀለል ያለ ይሁን፤ ዳቦና ሻይ ይበቃል፣ ቅቤ የበዛበት ፍርፍር ይቆየው። ከበላ አንድ ሰዓት ያህል ቢያልፈው የተሻለ ነው። ፌስታል ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ደርቡና እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ያዙ፤ ሻንጣ ሥር የተቀበረ ፌስታል አይደርስም።

ኮንትራት ስትይዙ ክርክር የሚነሳው በዋጋው ላይ ብቻ አይደለም። «ሙሉ ቀን» የሚለው ቃል ነው የሚያጣላው፤ ለሾፌሩ እስከ 9 ሰዓት፣ ለቤተሰቡ እስከ 12 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ ከሐይቅ ከተማ አልፎ ውሃው ዳር ድረስ መግባቱ በዋጋው ውስጥ መኖሩን፣ ስንት ሰዓት ላይ መልስ እንደሚነሳ ቁርጡን ተነጋገሩ። የሾፌሩ ምሳ ከናንተ ጋር መሆኑን አስቀድሞ መናገርም ጥሩ ነው፤ የበላ ሾፌር አይነጫነጭም። መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳይጭን የሚለውም ይነሳ፤ በበዓል ሰሞን ባዶ ወንበር ያያችሁበት አባዱላ በደቂቃ ይሞላል።

«ልጅ ጭን ላይ ይቀመጣል» ተብሎ የወንበር ቁጥር የሚታለፍበት ልማድ አለ። ይሄን እንቃወማለን። መኪና በድንገት ፍሬን ሲይዝ አንድን የአራት ዓመት ልጅ በክንድ ብቻ ይዞ ማስቀረት የሚችል አዋቂ የለም። ልጁ የራሱ ወንበር ይኑረው፤ ቀበቶ ካለ ይታሰርለት።

አራት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ኮንትራት አያስፈልግም። ከደሴ መናኸሪያ ወደ ሐይቅ የሚጭን ሚኒባስ ይዞ፣ ከከተማው እስከ ውሃው ባጃጅ መያዝ በብዙ ይረክሳል። ጉዳቱ ማታ ነው፤ በበዓል ቀን ከ10 ሰዓት በኋላ መመለሻ ወንበር ለማግኘት መጋፋት አለ፣ የደከመ ልጅ ይዞ መጋፋት ደግሞ የቀኑን ሁሉ ደስታ ያጠፋል። ስድስት እና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ኮንትራቱ ያዋጣል።

ውሃው ዳር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መድረስ ነው የዚህ ቀን ቁልፍ። ጠዋት ውሃው ይተኛል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ለአዋቂ ጨዋታ፣ ለልጅ ግን ፍርሃት ነው። አንድ ጊዜ ጀልባ ላይ የደነገጠ ልጅ ለብዙ ዓመት ውሃ ሲያይ ይህንኑ ያስታውሳል።

የጀልባ ዋጋ በሰው ነው ወይስ በጀልባ? በሰዓት ነው ወይስ በዙር? «አንድ ዙር» ሲባል የት ድረስ ደርሶ መመለስ ነው? ከመውጣታችሁ በፊት በጣት አሳይቶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ቀጥሎ ላይፍ ጃኬት። ይህ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፍበት ቦታ አለው፤ «ዳር ዳሩን ነው የምንሄደው» የሚል መልስ ጃኬትን አይተካም። አብዛኛው ጊዜ ያለው የአዋቂ ጃኬት ነው፣ የአዋቂ ጃኬት ደግሞ ለልጅ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ተንሳፍፎ ልጁ ከሥር ሾልኮ ይወጣል። መፈተኛው ቀላል ነው። አልብሱት፣ ማሰሪያውን ሁሉ እሰሩ፣ ከዚያ የጃኬቱን ሁለት ትከሻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ጃኬቱ ከፍ ብሎ አገጩንና ጆሮውን ከሸፈነ ትልቅ ነው። በእግር መካከል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ከተገኘ እሱን ምረጡ። ለልጁ የሚሆን ከሌለ ልጁ አይሳፈር፤ ዳር ሆኖ ዓሣ አጥማጆች መረብ ሲያወጡ ማየቱም ለትንሽ ልጅ ሙሉ ትርኢት ነው። በራሳችን ልጆች ላይ የምንሠራበት ሕግ ይሄው ነው፦ አንድ አዋቂ ለአንድ ልጅ፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ፣ ፎቶ ለማንሳት የሚቆም የለም። 20 ደቂቃ ለአምስት ዓመት ልጅ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ፀሐዩ ነው የሚያሸንፈው። የደሴን ብርድ አስበው ሹራብ ብቻ ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው። እዚህ ግን ኮፍያ ያስፈልጋል፣ ውሃው ፀሐዩን መልሶ ፊት ላይ ይጥለዋልና።

ልጆች ዳር ላይ እግራቸውን መንከር ይወዳሉ። ሣርና ቄጠማ የበዛበት፣ ውሃው የማይንቀሳቀስበት ጥግ ግን የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ የሚኖርበት ዓይነት ቦታ ነው፤ ጥገኛው ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፣ ውሃው ንጹህ መስሎ መታየቱ ምንም አይለውጥም። ድንጋይ በመወርወር ይጫወቱ፣ ከወንዝና ከሐይቅ ውሃ ጋር ጨዋታው በእጅና በእግር ባይሆን ይመረጣል። እጅ መታጠቢያ አምስት ሊትር ጀሪካን ከቤት ይዞ መምጣት ብዙ ነገር ያቃልላል።

ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አስቀድሞ መነጋገር የሚገባው ሴት ልጅ ያለው ቤተሰብ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ መሪነት የትምህርት ማዕከል የሆነው ይህ ገዳም የወንዶች ነው፤ ሴት፣ ሕፃን ብትሆንም፣ አትገባም። ቀድሞ ደሴት የነበረው መሬት አሁን ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይደረሳል። አባትና ወንድም ገብተው እሷ ከደጅ ስትቀር ከቀኑ ሁሉ የምታስታውሰው ያንን እንዳይሆን፣ የእናትና የሴት ልጅ የጀልባ ሰዓት በትክክል እዚያ ላይ ይግባ። ወንዶቹ ከገዳሙ ሲመለሱ እሷም የምታወራው ይኖራታል። ጀልባው ላይ የሚነገራት ተረትም አለ፦ በአካባቢው አፈ ታሪክ እንደሚባለው አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት ተበድላ ፈጣሪ በቁጣ ምድሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፣ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ያ ነው የገዳሙ መሬት። በኅዳር 26 እና በጥር 1 ንግሥ ስለሚሆን ለሽርሽር ሳይሆን ለበዓሉ የሚመጣ ሕዝብ ይበዛል፤ ልጅ ይዞ ለመዝናናት እነዚህን ቀናት አትምረጡ።

አሁን ወደ ምግብ። ትዕዛዙን ከጀልባው በፊት ስጡ። በበዓል ማግስት ዓሣ ለመቅመስ አንድ ሰዓት መጠበቅ ያለ ነው፤ ምክንያቱም መጥበሻው አንድ ወይም ሁለት ነው፣ ወረፋው ግን የአሥር ጠረጴዛ። ከውሃ ስትመለሱ ምግቡ ከደረሰ ልጁ ሳይርበው፣ ሳያለቅስ ይበላል።

የወሎ ቤተሰብ ለዚህ ገበታ ልዩ ምክንያት አለው። እናት በኩል ሙስሊም፣ አባት በኩል ክርስቲያን የሆነ ዘመድ አንድ መኪና ውስጥ ሲሆን ሥጋ ሲመጣ ትሪው ሁለት ይሆናል። ዓሣ ግን ባራኪ አይፈልግም፤ ማን አረደው አይባልም። አያቶችም ልጆችም በአንድ ትሪ ይቆርሳሉ። የአጎት ልጆች ከአንድ ትሪ የሚበሉበት ቀን ልጅ ልብ ውስጥ ይቀራል፤ ሐይቅን ከሌላ መዝናኛ የምናስቀድመውም ለዚህ ነው። ሌላ ምግብ አብሮ የሚታዘዝ ከሆነ ግን ዓሣው ሥጋ ባልተጠበሰበት ዘይት እንዲጠበስ በግልጽ ተናገሩ። ይህን ሳይጠይቁ የሚያደርጉ ቤቶች አሉ፣ ሲጠየቁ ቅር የሚላቸውም አሉ። ቅር ካላቸው ወንበር ቀይሩ።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሙሉውን ተጠብሶ ሲመጣ ያምራል፤ ለልጅ ግን አጥንቱ አስቸጋሪ ነው። ከስድስት ዓመት በታች ላሉት ፊሌቶ እዘዙ፤ እሱንም ቢሆን በጣት ደባብሳችሁ ስጡ፣ ቀጫጭን አጥንት ይተርፋልና። ጉላሽ ለልጅ ከታዘዘ በርበሬው እንዲቀንስ ንገሩ። ሚጥሚጣና ዳጣ ለብቻው በትንሽ ሳህን ይምጣ። ዓሣው ጥሬ ሳለ ማየት ከፈቀዱላችሁ ዓይኑ የወጣና የጠራ፣ ከራሱ ሥር ያለው መተንፈሻው ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ መሆኑን እዩ። የተጠበሰው ደግሞ ጠቆር ብሎ ውስጡ ጥሬ ከሆነ ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሏል፤ ቅባት ጠጥቶ ከለሰለሰ መጥበሻው ሳይግል ብዙ ዓሣ ገብቶበታል። ሁለቱም የሚያጋጥሙት ወረፋ ሲበዛ ነው፤ ቀድሞ ማዘዝ የሚያዋጣበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው። ጣዕሙ ላይ ግን ቅሬታ የለንም። በሎሚ የታሸ ትኩስ ቆሮሶ፣ ዳር ዳሩ ኩርሽም እያለ፣ ከደሴ ምግብ ቤቶች ዓሣ ይበልጣል።

መጸዳጃ ቤቶቹ ደካማ ናቸው። ሶፍትና ሳሙና ይዛችሁ ሂዱ።

መልስ ጉዞ ከ9 ሰዓት ተኩል ባይዘገይ ጥሩ ነው፤ በክረምት ወራት ደግሞ ወደ ደሴ ዳገቱን ስትወጡ ጉም ይጠብቃችኋል፣ ከዚያ ማምሸት የለበትም።

የቀረው ፎቶው ነው፤ ለልጅ ከዓመታት በኋላ ቀኑን የሚመልስለትም እሱ ነው። ዘመድ ሁሉ በቴሌግራም ይላላካል፣ ከዚያ አንዱ ስልኩን ይዞ ፒያሳ ስቱዲዮ ይሄዳል፤ ሲታተም ደብዝዞ ይወጣል፣ ጥፋቱም በስቱዲዮው ይላከካል። እውነቱ ሌላ ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ያሳንሰዋል፤ ረጅሙ ጎኑ 1,280 ፒክስል አካባቢ ይሆናል። ይህ ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ይበቃል፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል 20 በ30 ግን አይበቃም። «ፋይል» ብላችሁ ከላካችሁት ሳይቀነስ ይደርሳል። ስቱዲዮውን ከማሳተሙ በፊት ፊት ላይ ነጭ እንዳያበዛ ንገሩ፤ ልጅ ጠይም ሆኖ ሄዶ ሌላ ልጅ ሆኖ የሚመለስበት ፎቶ ብዙ ነው። ከአልበም ደግሞ ሙጫ ያለው ገጽ ሳይሆን ኪስ ኪስ ያለው ይሻላል፣ ሙጫው በዓመታት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ፎቶውን ይይዘዋል። ጀርባው ላይ ቀኑን፣ የልጁን ዕድሜና አብረው የነበሩትን ስም ጻፉ፤ እስክሪብቶ ተጭኖ ፊት ለፊት ስለሚያሳብጥ በቀጭን ማርከር፣ ጠርዙ ላይ፣ ደርቆ እስኪያልቅም ሌላ ፎቶ ሳትደርቡበት።