ሁለት ማለዳ፣ አንድ በረራ

ከፍታ እፈራለሁ። መሰላል ላይ ወጥቼ አምፖል ስቀይር እንኳን ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ባሉን በሚባለው፣ በሞቀ አየር ሰው ይዞ በሚበረው ትልቅ ፊኛ እንድንሳፈር ትኬት የቆረጠችው ባለቤቴ ናት። «ለእረፍት መጥተን ልንተኛ ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔ እኮ እረፍት የሚወጣው ለመተኛት ይመስለኝ ነበር።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መኪና ከሆቴላችን ወሰደን። ሜዳው ላይ በጨለማ ቆመን ስንጠብቅ፣ አንዱ ሠራተኛ ትንሽ ፊኛ መብራት አስሮባት ወደ ሰማይ ለቀቃት። ቀጥ ብላ ስትወጣ ቆየችና ድንገት ወደ ጎን ሸመጠጠች። ፓይለቱ በዓይኑ ተከተላት፣ ከዚያ «ዛሬ አንበርም» አለ። አለቀ። እኔ በሆዴ ተመስገን አልኩ። ሌላው ተሳፋሪ ግን ተንጫጫ። «የምን ነፋስ? ቅጠል እንኳን አልተንቀሳቀሰም!» ያለም ነበር። እውነቱን ነው፤ መሬት ላይ ምንም የለም። የላዩን ነፋስ ያሳበቀችው ያቺ ትንሽ ፊኛ ናት። ፓይለቱ አልተከራከረም፣ አልተለማመጠምም። ወይ ገንዘባችሁን ውሰዱ፣ ወይ ነገ ኑ አሉን። ለአገልግሎታቸው ትልቁን ነጥብ የሰጠኋቸው ያኔ ነው፤ ገና ከመሬት ሳልነሳ።

በማግስቱ ፊኛዋ ዝም ብላ ወጣች። እኔም ማምለጫ አጣሁ።

ትልቁ ጨርቅ መሬት ላይ ተዘርግቶ በማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር ሲሞሉት እንደተኛ አውሬ ያብጣል። ከዚያ የፕሮፔን ጋዙን እሳት ሲለቁበት ውስጡ ይሞቅና ቀስ ብሎ ይነሳል። ቅርጫቱ ወንበር የለውም፤ በር የለውም። ጎኑ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች እግራችሁን እያስገባችሁ ትወጣላችሁ። ሲሸጡልን «12 ሰው» ብለውን ነበር። ስቆጥር 20 ነን። በፈረንጆቹ 1783 ቬርሳይ ላይ በባሉን የተላኩት የመጀመሪያዎቹ ፍጥረታት አንድ በግ፣ አንድ ዳክዬና አንድ አውራ ዶሮ ናቸው። እነሱ እንኳን ሦስት ነበሩ! እኔ የአንዱን ሰውዬ ክርን ጎኔ ላይ ይዤ ነው የበረርኩት።

መነሳታችንን አላወቅኩም። ከታች የቆሙት ሠራተኞች ትንንሽ እየሆኑ ሲሄዱ ነው የነቃሁት። የምፈራው የራስ መዞር ግን አልመጣም። ፎቅ ጫፍ ላይ የሚሰማኝ ያ ወደ ታች የሚስብ ነገር እዚህ የለም። ነፋስም አይሰማም፤ ከነፋሱ ጋር አብራችሁ ነዋ የምትሄዱት። እሳቱ ሲለቀቅ ጆሮ ይደፍናል፣ አናትም ይጠብሳል። ሲዘጋ ግን ጸጥታው ሌላ ነው። ታች የሆነ ቦታ ውሻ ሲጮህ አጠገቤ ያለ ያህል ሰማሁት።

መሪ የሚባል ነገር የለውም። ነፋሱ በየከፍታው አቅጣጫው ስለሚለያይ፣ ፓይለቱ ከፍ ዝቅ እያለ የሚፈልገውን ነፋስ ይመርጣል። አንዴ ጎንበስ ብሎ ምራቁን ወደ ታች እንትፍ አለ። ምን ዓይነት ባለጌ ነው ብዬ ባለቤቴን ጎሸም ሳደርጋት ለካ ሰውዬው ሥራ ላይ ነው! ምራቁ ሲወርድ ወዴት እንደሚያጋድል እያየ ከበታችን ያለውን ነፋስ ይለካል። ሁለተኛ ሲተፋ እኔም አብሬው አጎንብሼ አየሁ። በፍርሃት የጨበጥኩትን የቅርጫቱን ገመድ መቼ እንደለቀቅኩት አላውቅም።

ፀሐይ ሁለቴ ወጣችልን። መጀመሪያ ከኮረብታው በላይ ሆነን አየናት። ከዚያ ወደ ሸለቆው ስንወርድ ተደበቀች፣ ስንነሳ እንደገና ብቅ አለች። ባለቤቴ ፎቶ ማንሳት ትታ ዝም ብላ ቆመች። እሷ ዝም ማለቷ ራሱ ዜና ነው።

ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ መረበሽ ስለሚጀምር ብዙ አልቆየንም። «ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ገመዱን ያዙ» ተባልን። አንዴ ነጠርን፣ ሁለተኛ ነጠርን፣ ከዚያ ቅርጫቱ ቀስ ብሎ በጎኑ ተኛ። የተጠለፈው እንጨት ሲንቋቋ ተሰበረ ብዬ ነበር። ለካ እየተጣጠፈ ግጭቱን የሚውጥልን እሱ ነው። ሰውዬው ከነክርኑ ላዬ ላይ አረፈ።

ያስጠላኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ገና ከቅርጫቱ በእንብርክክ እየወጣን አንዱ ሠራተኛ ፎቶ ካልገዛችሁ ብሎ ችክ አለ። እስከ መኪናው ድረስ ተከተለን። የሰው ብዛቱንና ይህን ቢያስተካክሉ ሌላ የምላቸው የለኝም።

የምትሄዱ ከሆነ በረራውን ለእረፍታችሁ የመጀመሪያ ቀናት ያዙት። እኛ ለመጨረሻው ቀን ይዘን ቢሆን ኖሮ ያቺን ትንሽ ፊኛ ብቻ አይተን ነበር የምንመለሰው። ረጅም ከሆናችሁ ደግሞ ኮፍያ አትርሱ፤ እሳቱ ከአናታችሁ በላይ ነው።