ሊዝበንን በእግር፣ በትራም 28 ወይስ በባጃጅ? ገንዘባችሁን ሳታወጡ አንብቡት

ከጀርመንም ከጣልያንም ለሁለት ለሶስት ቀን ሊዝበን ብቅ የምትሉ ልጆች ሁሌ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ ዳገቱን በምን እንውጣው? ባጃጅ ይሻላል ትራም? በየኢንቦክሱ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። እኔ በእግር ነው የምለው፣ ግን ዳገቱን በነፃ ሊፍትና ኤስካሌተር እየወጡ ቁልቁለቱን በእግር መሄድ ነው እንጂ ከታች እስከ ላይ መንጠልጠል አይደለም።

ዋጋውን እንየው መጀመሪያ። ባጃጅ (እነሱ ቱክቱክ ነው የሚሉት) ለአንድ ሰዓት 60 ዩሮና ከዛም በላይ ይጠሯችኋል። የ24 ሰዓት የትራንስፖርት ካርድ ደሞ 7 ዩሮ አካባቢ ነው፣ ሜትሮ፣ አውቶቡስ፣ ትራም ሁሉንም ያስኬዳል፣ ካርዷ ራሷ 50 ሳንቲም ናት። እንግዲህ አስቡት፣ ባጃጁ በአንድ ሰዓት የሚወስደው የስምንት ቀን ካርድ ይገዛል ማለት ነው! እና ለዛ ሁሉ ገንዘብ የት ያወርዳችኋል? ፖርታስ ዶ ሶል የሚባል ከተማውን ከላይ የሚያዩበት ቦታ። ከዛ በታች ያለው አልፋማ የሚባለው አሮጌ ሰፈር ደረጃና ጠባብ መተላለፊያ ስለሆነ ባጃጅ አይገባም፣ ትራምም አይገባም፣ ዋናውን ነገር ለማየት ያው በእግራችሁ ትወርዳላችሁ። በ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማው ሲፈርስ አልፋማ በአብዛኛው ተርፏል፣ መንገዱ እንደዛ የተጠማዘዘው ለዛ ነው። ታች ሜዳው ላይ ያለው ባይሻ የሚባለው ሰፈር ግን ፈርሶ እንደ አዲስ ስለተሰራ ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ ነው።

ትራም 28 ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም፣ ግን መነሻው ማርቲም ሞኒዝ ላይ ያለው ሰልፍ እኩለ ቀን ላይ የሚቻል አይደለም፣ ስትገቡም ቆማችሁ የሰው ጀርባ እያያችሁ ነው የምትሄዱት፣ ኪስ አውላቂም የሚወደው እሱን ትራም ነው፣ ስልካችሁን የኋላ ኪስ እንዳታደርጉ። ሹፌሩ ጋ ከከፈላችሁ ከ3 ዩሮ በላይ ነው፣ ካርዷ ላይ ገንዘብ ሞልታችሁ ከሆነ ከ2 ዩሮ በታች፣ ያው መንገድ ያው ወንበር! ሌላ ደሞ ቀለማቸው ቀይ የሆነ ያንኑ ትራም የሚመስሉ የቱሪስት ትራሞች አሉ፣ ዋጋቸው ብዙ እጥፍ ነው፣ ካርዳችሁም እነሱ ላይ አይሰራም። የምትፈልጉት ቢጫውን፣ ፊቱ ላይ 28 የሚለውን ነው።

አሁን ወደ እግር ልምጣ። ባይሻ ውስጥ ሩዋ ዶስ ፋንኬይሮስ የሚባል መንገድ ላይ ተራ ህንፃ የሚመስል በር አለ፣ ውስጡ የህዝብ ሊፍት ነው፣ በነፃ ሩዋ ዳ ማዳሌና ላይ ያወጣችኋል። ትንሽ ተራምዳችሁ ደሞ ታቹ ሱፐርማርኬት የሆነ ህንፃ ታገኛላችሁ፣ እሱም ሊፍት አለው፣ እሱም ነፃ ነው፣ ከዛ ስትወጡ ኮረብታው ላይ ያለው የሳኦ ጆርጅ ቤተመንግስት ስር ናችሁ። ማርቲም ሞኒዝ ጋ ደሞ ወደ ሞራሪያ ሰፈር የሚያወጣ ኤስካሌተር አለ። ወደ ሺያዶና ባይሮ አልቶ ሰፈሮች ከሆነ ባይሻ ሺያዶ ሜትሮ ጣቢያ በታችኛው በር ገብታችሁ በኤስካሌተር በላይኛው በር መውጣት ነው፣ የቲኬት ማሽኑን ሳትነኩ። ይሄን ሁሉ ማንም አይነግራችሁም ምክንያቱም የሚሸጥ ነገር የለውም።

ሳንታ ጁስታ ሊፍት? በ1902 የተከፈተ 45 ሜትር የብረት ማማ ነው፣ ለብቻው 6 ዩሮ አካባቢ ያስከፍላል፣ የ24 ሰዓት ካርድ ካላችሁ ግን ውስጡ አለ፣ ድጋሚ እንዳትከፍሉ። እኔ ግን ሰልፉን ትቼ በካርሞ አደባባይ በኩል ዞሬ ከላይ ድልድዩ ላይ ነው የምወጣው። ዳገት ላይ የሚጎተቱት ባቡሮች ደሞ፣ ግሎሪያ የሚባለው መስከረም 3 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ከሃዲዱ ወጥቶ 16 ሰው ሞቷል፣ ነፍስ ይማር፣ ሌሎቹም ለምርመራ ቆመው ነበር፣ ስለዚህ እነሱን አምናችሁ ፕሮግራም አታውጡ።

የእኔ መንገድ ይሄ ነው፣ ጠዋት በትራም ወይ በአውቶቡስ ግራሳ የሚባለው ሰፈር ወጥቼ ሴኞራ ዶ ሞንቴ ከሚባለው ከተማው ከላይ ከሚታይበት ቦታ እጀምራለሁ። ለቤተመንግስቱ 15 ዩሮና ከዛ በላይ ትከፍላላችሁ ግን እዛ ውስጥ ሆናችሁ ቤተመንግስቱን ራሱን አታዩትም፣ ከሴኞራ ዶ ሞንቴ ግን እሱንም ወንዙንም በነፃ ታያላችሁ። ከዛ ቁልቁል በሳኦ ቪሴንቴ ቤተክርስቲያን አድርጎ አልፋማ። ማክሰኞና ቅዳሜ ከሆነ ሳኦ ቪሴንቴ ጀርባ ፌይራ ዳ ላድራ የሚባለው የአሮጌ እቃ ገበያ አለ።

ጫማ ላይ ግን እባካችሁ ስሙኝ። ትንፋሹ ችግር አይደለም፣ እንጦጦን የወጣ ሰው ይሄን ዳገት አይፈራም፣ ችግሩ ድንጋዩ ነው። የኛ ኮብልስቶን ሻካራ ነው እግር ይይዛል፣ የነሱ ትንንሽ ነጭ የኖራ ድንጋይ በሰው እግር ተወልውሎ የሚያብለጨልጭ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው በቃ። አንዷ ጓደኛዬ ኮፒ ስኒከር አድርጋ መጥታ አልፋማ ደረጃ ላይ ሶሉ ከፊት አፉን ከፈተ፣ ጫማ ሰፊ ጋ ወስደን በማስቲሽ አስለጠፍን፣ በማግስቱ በሌላኛው በኩል ተገነጠለ፣ ስፌት የሌለው በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ሶል ስለሆነ ሰፊውም የሚይዘው ነገር አጣ፣ መጨረሻ ላይ አዲስ ገዛች። የኮፒው፣ የጥገናው፣ የአዲሱ ተደምሮ ከመጀመሪያው አንድ ኦርጅናል ይሻል ነበር። ሶሉን በጥፍራችሁ ጫን በሉት፣ እንደ ፕላስቲክ ደረቅ ካለ አታድርጉት፣ ለስለስ ያለ ጎማ ነው የሚይዘው።

ባጃጅ የምፈቅድለት ሰው አለ፣ እናት አባቱን ይዞ የመጣ ወይም ጉልበቱን የሚያመው። እንደዛ ከሆነ ሳትገቡ በፊት ዋጋው ለሰዓት ነው ለጉዞ፣ ለመኪናው ነው ለሰው፣ ብላችሁ ቁርጡን ጠይቁ፣ ፖርታስ ዶ ሶል ላይ ከመቆም ይልቅም ሴኞራ ዶ ሞንቴ ድረስ እንዲያወጣችሁ ንገሩት።