የኮምፒውተሬን ጩኸት ላስቆሙልኝ አባት ምስጋና (አዳማ)

ሰላም የአዳማ ልጆች። ፖስታ ቤት አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እዚህም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ምስጋናዬን በሰው ፊት ካላቀረብኩ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ዴስክቶፑ እንደ ወፍጮ ቤት እየጮኸ ያስመረረው ሰው ካለም ይጠቀምበት።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። የምሠራው ቤቴ ነው፣ ያውም ሌሊት። የስምንት ወር ልጃችን የምትተኛውም ኮምፒውተሩ ባለበት ክፍል ነው። ከጥቅምት ወዲህ የፋኑ ድምጽ ቀን በቀን እየባሰ ሄደ። ሬንደር (የተቀናበረውን ቪዲዮ አጠናቆ ማውጣት) ስጀምር ልጅቷ ትነቃለች፣ ባለቤቴ አቅፋት በረንዳ ላይ ትንጎራደዳለች። እኔን የሰበረኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት ሙሽራ የአያቷ ምርቃት አንድም ቃል እንዳይቆረጥባት አደራ ብላኝ ነበር። አያትየው ድምጻቸው ደክሟል፣ ማይኩም ርቋቸዋል። ኢርፎን አድርጌ እንኳ «ውለዱ ክበዱ» ካሉ በኋላ ያለውን ከፋኑ ጩኸት መለየት አቃተኝ።

መጀመሪያ ሌላ ቤት ወስጄው ነበር፤ የት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ኬዙን እንኳ ሳይከፍቱ «ፓወር ሰፕላዩም ፕሮሰሰሩም አልቆለታል፣ 18,000 ብር ይዘህ ና» አሉኝ። ልበደር ሳስብ ነው ፍራንኮ ሰፈር ማተሚያ ቤት ያለው ጓደኛዬ ጋሼን የጠቆመኝ።

ጋሼ ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ነበር የሚጠግኑት። ጆሯቸው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የኬዙን ጎን ከፍተው ኮምፒውተሩን አስነሱ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ የኋላውን ፋን ክንፉን ሳይሆን መሃሉን፣ ወረቀት የተለጠፈበትን እምብርቱን፣ በጣታቸው ጫፍ ለቅጽበት ያዝ አደረጉት። የሚንቋረረው ድምጽ ቆመ። ለቀቁት፤ ተመለሰ። «ስማ ልጄ፣ አንተ አንድ ጩኸት ይመስልሃል፤ ሦስት ነው» አሉኝ።

አንደኛው ያው የኋላው ፋን ነው፤ ኩሽኔታው ተበልቷል። ሁለተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። ብሎኖቹ ላልተው እሱ ሲንቀጠቀጥ ኬዙ ይንቀጠቀጣል፣ ኬዙ ደግሞ ጠረጴዛውን ያስጮኸዋል። እጃቸውን ኬዙ ላይ ጫን ሲያደርጉት ያ ጉምጉምታ ጠፋ። ዋናው ግን የፕሮሰሰሩ ፋን ነበር። ፋኑ ሲነሳ ከሥሩ ያየሁትን አልረሳውም፤ አቧራው በአሉሚኒየሙ ክንፎች ላይ እንደ ባና ተነጥፎ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ አልቀረም። ፋኑ ምንም አልሆነም፤ አየሩ አላልፍ ሲለው ነው በሙሉ ኃይሉ የሚሮጠው። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ከከተማው ዳር ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ተርባይኖች የቆሙት ለዚሁ ነፋስ ነው። በበጋ አቧራውን ይዞ በር ሥር ይገባል።

ብሎወሩን ይዘው ግቢ ወጡ። ከመንፋታቸው በፊት የፋኑን ክንፍ በእርሳስ ያዙት፣ በብሎወሩ ኃይል በራሱ ሲበርር ኩሽኔታው እንዳይጎዳ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ግን አልከፈቱትም፣ ከውጭ ብቻ ነፉት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኤሌክትሪክ ስለሚቆይ ቤት ውስጥ ማንም እንዳይነካካው አስጠንቅቀውኛል፤ እኔም ለእናንተ አደራ እላለሁ። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው አሮጌ ፔስት (ሙቀቱን ወደ አሉሚኒየሙ የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። በአልኮል ጠረጉት፣ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት ጠብ አደረጉና መልሰው አሰሩት።

ለሃርድ ዲስኩ ያደረጉት ነገር አስደነቀኝ። ከመሳቢያቸው የባጃጅ ካላማዳሪያ አወጡ፣ በመቀስ አራት ትናንሽ ቁራጭ ቆርጠው በብሎኖቹና በብረቱ መካከል አስገቡ። ጉምጉምታው በዚያው ሄደ፤ ለዚህ ሳንቲም አላስከፈሉኝም።

የኋላውን ፋን ዘይት ጠብ አድርጌ ልጠቀምበት ብላቸው ለጥቂት ሳምንት ይዘልቅና ይመለሳል አሉኝ። በ8 ሴንቲው ፋን ፋንታ የኬዙ ቀዳዳ የሚቀበለውን 12 ሴንቲ ገጠሙልኝ። ትልቅ ፋን ያንኑ አየር በዝግታ እየዞረ ስለሚያወጣ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምጹ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፣ ይህ ለጆሮ በጣም ብዙ ነው። በመጨረሻ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው ሙቀቱ 60 ዲግሪ እስኪደርስ ፋኑ በቀስታ እንዲዞር አስተካከሉት። ድሮ ሬንደር ላይ 96 ዲግሪ ይደርስ የነበረው አሁን 73 ላይ ይቆማል።

ከዚያ «ቤት ውስጥ የት ነው የምታስቀምጠው?» ብለው ጠየቁኝ። ምንጣፍ ላይ፣ ከላዩ የባለቤቴ ዳንቴል ለብሶ፣ ሲሞቅም ጎኑን ከፍቼ ቬንቲሌተር እደግንበታለሁ አልኳቸው። አልተቆጡኝም። ዳንቴሉ የላይኛውን መተንፈሻ እንደሚደፍን፣ ምንጣፉ ከታች አቧራ እንደሚያስገባ፣ ቬንቲሌተሩ ደግሞ የቤቱን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ወደ ውስጥ እንደሚጨምር በእርጋታ አስረዱኝ። አሁን ዝቅ ያለች የእንጨት መቀመጫ ላይ ነው፤ ዳንቴሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዷል።

የእጃቸው 800 ብር፣ ፋኑ 1,100 ብር፤ በቃ። 18,000 ከተባልኩበት ጋር እናንተው አስተያዩት። የዚያኑ ሌሊት የምርቃቱን ቪዲዮ ከፈትኩ። አያትየው «ውለዱ ክበዱ፣ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ፣ እጃችሁ አይጠር» ብለው ነበር። ሙሉውን ሰማሁት። ልጄም አጠገቤ ተኝታ ነበር።

ሳልናገር የማላልፈው፣ ጋሼ ብቻቸውን ስለሚሠሩ ተራ ለማግኘት አምስት ቀን ጠብቄአለሁ፤ ለሚቸኩል ሰው ይከብዳል። ቤት ድረስም አይመጡም፣ ኬዙን ተሸክማችሁ መሄድ አለባችሁ። እሑድ አይሠሩም። ስልክ በየቦታው እንዲለጠፍ ስለማይፈልጉ የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። ስትሄዱ ኬዙን አጽድታችሁ አትውሰዱ፤ አቧራው የት እንደተከማቸ ማየት ይፈልጋሉ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።