ሞተር ቀይራችሁ ራዲያተር ለምታሠሩ ሁሉ፦ የሙቀት መለኪያውን ሳትፈትሹ አትረከቡ

ይህን የምጽፈው መኪናዬ ደብረ ሲና ጋራዥ ውስጥ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ወልቆ በቆመ በሦስተኛው ቀን ነው። የቤንዚን ሞተሩን አውጥቼ 3.0 ሊትሩን ዋን ኬዜድ ቱርቦ ናፍጣ ያስገባሁበት አሮጌ ሃይሉክስ ነው። የቀድሞው ራዲያተር ለዚህ ሞተር ስለማይበቃ፣ ደብረ ብርሃን ከሚገኝ አንድ ጋራዥ ወፍራም ራዲያተርና ሁለት የኤሌክትሪክ ፋን በ74,000 ብር አስገጠምሁ። እንዲህ ያሉትን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ፤ ሻይ ያስመጣሉ፣ የሠሯቸውን መኪኖች ፎቶ በስልክ ያሳያሉ፣ ደረሰኝ ሲጠየቁ «በኋላ» ይላሉ። የሞተሩን የራሱን ፋን ከነመከለያው «ቦታ ያጣብባል» ብለው አውልቀው አስቀሩት።

ከአእምሮዬ የማይወጣው መኪናውን የተረከብሁበት ማለዳ ነው። መኪናው ግቢ ውስጥ ስላደረ የፊት መስታወቱ ላይ ያለው ውርጭ ገና አልቀለጠም። ዋናው መካኒክ ቁልፉን ሲያዞር የሙቀት ጠቋሚዋ ከታች ተነሥታ በአንድ ጊዜ መሃል ላይ ቆመች፤ ሞተሩ ግን ገና አልተነሣም ነበር። እሱም ትከሻዬን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ፤ ደሴ ድረስ ጭነው ቢነዱ ንቅንቅ አትልም» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ውርጭ ሲወርድበት ያደረ ሞተር እንዴት በቅጽበት ሊሞቅ እንደቻለ አልጠየቅሁም። ሠላሳ ዓመት መሪ የያዝሁ ሰው፣ በዓይኔ እያየሁ አመሰገንሁት፤ ለረዳቱም 500 ብር ጉርሻ ሰጠሁ።

ሐሙስ ዕለት ከሸዋ ሮቢት ስምንት ኩንታል ሽንኩርት ጭኜ ተነሣሁ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ዳገቱ በከባድ ማርሽ በዝግታ ስለሚወጣ ከፊት የሚገባው ነፋስ ጥቂት ነው፣ አየሩም ከፍ ባሉ ቁጥር ስለሚሳሳ ሸክሙ ሁሉ በፋኑ ላይ ይወድቃል። ደብረ ሲናን አልፌ መታጠፊያዎቹን ስጀምር ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ፤ ጠቋሚዋ ግን መሃል ላይ ነበረች። እሷን አምኜ፣ «ቱቦ ይሆናል» በማለት መቆሚያ እስካገኝ ድረስ ነዳሁ። ቴስታታውን የሰነጠቀው ያ ርቀት ነው።

ወደ ደብረ ሲና ጎትተው ካወረዱኝ በኋላ አንድ ወጣት መካኒክ የመለኪያውን ሽቦ እየተከተለ መረመረ። ሽቦው ከሴንሰሩ ተነቅሎ፣ በጥቁር ናስትሮ በተጠቀለለች የሩዝ ፍሬ በምታክል ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የምትገድብ ዕቃ) በኩል ከቦዲው ጋር ታስሯል፤ ስለዚህ ሞተሩ ቢቀዘቅዝም ቢፈላም ጠቋሚዋ መሃል ላይ ትቆማለች። ፋኖቹን አስነሥቶ የደብተር ቅጠል ከራዲያተሩ ፊት ቢይዝ፣ ወረቀቱ ተስቦ መለጠፍ ሲገባው ተገፍቶ በረረ፤ ገመዳቸው ተገልብጦ ስለታሰረ አየሩን ወደ ሞተሩ በመሳብ ፈንታ ወደ ፊት ይገፉ ነበር። የፋን ገመድ መገልበጥ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ሬዚስተሯ ግን መኪናው እንደሚፈላ ያወቀ ሰው፣ እኔ እንዳላውቅ ብሎ በእጁ ያሰራት ናት።

ለደብረ ብርሃኑ ዋና መካኒክ ስደውልለት፣ «ሞተሩ እኮ የመኪናው አይደለም፤ ምን ጠብቀው ነበር?» ብሎ ዘጋብኝ። ደረሰኝ ስለሌለኝ የምከስበት ወረቀት የለኝም።

ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀት ራዲያተሩ ፊት ያዙ፤ ፋኑ መከለያ እንዳለውና በራዲያተሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት መዘጋቱን እዩ፤ ጠቋሚዋም ከቀዝቃዛ ተነሥታ ቀስ በቀስ ስትወጣ ቆማችሁ ተመልከቱ። የሞተሩን የራሱን ፋንም ጋራዥ ትታችሁ አትውጡ።