ያገለገለ ጁኪ ዲኤንዩ-1541 ስፌት መኪና ለቆዳ ሥራ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ስምንት ወር ሙሉ ቦርሳ፣ ቀበቶና የላፕቶፕ መያዣ ሲሰፋበት የቆየ መኪና ነው። ሲገዛ ቀለሙ ተላልጦ፣ ጠረጴዛው ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነበር። ቀለሙ ዛሬም እንደዚያው ነው፤ ስፌቱ ግን እንከን አይወጣለትም። ለቆዳ ያገለገለ መኪና የምትፈልጉ ከቀለሙ በፊት ሁለት ነገር እዩ፦ አጎታተቱንና ከወለሉ ሥር እየዞረ የመርፌውን ክር የሚይዘውን የመንጠቆ ጫፍ።

ተራው የልብስ መኪና የሚስበው ከታች ባለው ጥርስ ብቻ ነው። የላዩ ቆዳ ከላይ የሚጫነው እግር ላይ እየያዘ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አንድ ሜትር ቀበቶ ተሰፍቶ ሲያልቅ ገበሩ ቀድሞ፣ ፊቱ ተርፎ ይገኛል። 1541 ላይ ግን ጥርሱ፣ መርፌውና የውስጠኛው እግር አንድ ላይ ይራመዳሉ። መርፌው ቆዳው ውስጥ እንደተተከለ አብሮ ስለሚሄድ ንብርብሩ አይንሸራተትም። ሻጩ «የቆዳ ነው» ቢላችሁም መዘውሩን በእጃችሁ አዙሩና መርፌው ሲወርድ ከእግሩ ጋር ወደ ኋላ መሄዱን አረጋግጡ። የስፌቱ እርምጃ (የአንዱ ስፌት ርዝመት) እስከ 9 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ እግሩ በእጅ ማንሻ 9፣ በጉልበት ማንሻ 16 ሚሊ ሜትር ይነሳል። ወፍራም እጀታ ከሥሩ ለማስገባት የጉልበት ማንሻው ግድ ነውና ተነቅሎ ከሆነ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ለመሞከር ስትሄዱ የራሳችሁን ቁራጭ ቆዳና ክር ያዙ፤ ሻጩ የሚሰጣችሁ ቁራጭ ሁልጊዜም ለመኪናው የሚመች ነው። እርምጃውን 6 ላይ አድርጋችሁ አሥር ስፌት ስፉና በማስመሪያ ለኩ፣ 60 ሚሊ ሜትር አካባቢ መምጣት አለበት። ከዚያ ወደ ኋላ ስፉበት፤ መርፌው የራሱን ቀዳዳ ካልመታ ወይ ማስተካከያው ተዛብቷል፣ ወይ መገጣጠሚያው ተበልቷል። ቀጥሎ ከሁለት ንብርብር ወደ አራት ንብርብር የሚወጣ ደረጃ ሠርታችሁ አሳልፉት። በመጨረሻ የቦቢኑን ክዳን ከፍታችሁ የመንጠቆውን ጫፍ በጥፍር ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ክር ይበጥሳል። ትንሽ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል፤ ጫፉ ከተቆረጠ ግን መንጠቆው መቀየር አለበት፣ እሱም ርካሽ መለዋወጫ አይደለም። ሞዴሉ ላይ «ኤስ» የተጨመረበት ብታገኙ እሱን ምረጡ። ክር ሲጠመጠም መንጠቆውን የሚያላቅቅ መከላከያ አለው። የተጠመጠመውን ካወጣችሁ በኋላ ከመኪናው ወለል ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭናችሁ መዘውሩን ወደ ተቃራኒው ጠንከር አድርጋችሁ ስታዞሩ «ቀጭ» ብሎ ይመለሳል።

ከተገዛ በኋላ ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ የበለጠ የጠቀመው የዲናሞው ነው። የድሮው ክላች ዲናሞ ማብሪያው ከተነካ ጀምሮ ሳያቋርጥ ይሽከረከራል፤ ፔዳሉን ትንሽ ስትነኩት መኪናው ይፈናጠራል። ለመጋረጃ ይሆናል፣ ለቦርሳ ጥግ አይሆንም። ባለ 750 ዋት ሰርቮ ዲናሞ (ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚዞር) ገብቶለት፣ የዲናሞው ፑሌጃ ከ75 ወደ 50 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ፍጥነቱ በሲሶ ቀነሰ፣ ጉልበቱም በግማሽ ጨመረ። ፑሌጃው ሲያንስ አጠር ያለ ቺንጋ ያስፈልጋል፤ አብራችሁ ግዙ። መኪናው በደቂቃ እስከ 2,500 ስፌት ይችላል፤ ቆዳ ላይ 300 ይበቃል። በ4 ሚሊ ሜትር እርምጃ ይህ በደቂቃ 1 ሜትር ከ20 ነው፤ ማስቲሽ መቀባቱና ጠርዝ ማሳሳቱ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

የመርፌው ዓይነት 135×16 ነው፣ ጫፉ ቆዳ የሚቆርጥ። 135×17 ክብ ጫፍ ስለሆነ ለሸራ ነው፤ ቆዳ ላይ ይታገላል። ለቴክስ 135 ክር (ቴክስ የክር ውፍረት መለኪያ ነው) 22 ቁጥር መርፌ፣ ለቴክስ 90 ደግሞ 18 ወይም 19 ቁጥር ጥሩ ሠርቷል። ቴክስ 210 ቢገባም ስፌቱ እኩል አይወጣም፤ መኪናው ላይ ግፍ ነው።

የበግና የፍየል ሌጦ የሚሰፉ ይህን ልብ ይበሉ። መንጠቆው ለ22 ቁጥር ተስተካክሎ 16 ቁጥር ሲገባ ስፌት ይዘላል። 22 ቁጥር 1.40፣ 16 ቁጥር 1.00 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላላቸው በመርፌውና በመንጠቆው ጫፍ መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይጨመራል፤ ክፍተቱ ግን ከቀጭን ወረቀት መብለጥ የለበትም። ወፍራም ቆዳና ስስ ሌጦ እያፈራረቁ ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ትልቁ ችግር ነው። ሁለቱን በ18 ቁጥር መርፌ ማስታረቅ ይቻላል።

የታዩት ብልሽቶች ጥቂት ናቸው። ከታች የክር ጎጆ መሥራት ብዙ ጊዜ ከቦቢኑ አይደለም፤ የላዩ ክር ማጥበቂያው ሳህኖች መካከል በደንብ አልተቀመጠም ማለት ነው። የቦቢኑን ብሎን ከመነካካት በፊት ክሩን እግሩ ተነስቶ ሳለ እንደገና አስገቡት። ስትጀምሩም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስፌቶች ሁለቱንም የክር ጫፍ በእጅ ይዛችሁ ስፉ፤ ክር መንጠቆው ውስጥ የሚጠመጠመው በአብዛኛው ያኔ ነው። ማስቲሹ ሳይደርቅ ከተሰፋ መርፌው ላይ ይጋገርና ስፌት ያዘልላል። ዘይቱ ነጭ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ይሁን፤ ዘይት በተጨመረ ቁጥር መጀመሪያ ቁራጭ ላይ አንድ ሜትር ያህል ስፉ፣ አለበለዚያ ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ጠብታው አይለቅም።

አብሮት የመጣው ባለ ጥርስ እግር ለስላሳ ቆዳ ላይ መሰላል የመሰለ ምልክት ይተዋል። ለስላሳ እግር መግዛትና የመጫኛውን ሞላ ማላላት የላዩን ይፈታል። የታችኛው ጥርስ የሚተወው ግን ገበር በሌለው ቀበቶ ጀርባ ላይ እስካሁን ይታያል፤ ጥርሱን በሞረድ አለስልሶ ማየት ቀጣዩ ሥራ ነው።

ወለሉ ጠፍጣፋ በመሆኑ ቅርጹን የያዘ ቦርሳ ጎን ወይም የተገጣጠመ ጫማ አይሰፋበትም። ለዚያ ባለ ክንድ ወይም ባለ ምሰሶ መኪና ያስፈልጋል። ሥራችሁ በአብዛኛው ጫማ ከሆነ ይህን አትግዙ።